የማሽን እጥበት የመኪናን ቀለም ይጎዳል?

ጥያቄ፦ ጥቁር መኪና ከገዛሁ ቆየት ብያለሁ። ጊዜ ስለማይተርፈኝ ብዙውን ጊዜ ብሩሾች እየተሽከረከሩ በሚያጥቡበት አውቶማቲክ ማጠቢያ አሳጥባታለሁ። ሰሞኑን ፀሐይ ላይ ቆማ ሳያት ኮፈኗና ጣሪያዋ ላይ የሸረሪት ድር የመሰሉ፣ ክብ ክብ የሠሩ በጣም ቀጫጭን ጭረቶች አየሁ፤ ጥላ ውስጥ ስትገባ ግን ምንም አይታይም። አንድ የመኪና ቀለም ባለሙያ «ያበላሸው ማሽኑ ነው፤ ክብ መሆኑ ራሱ ምስክር ነው፤ ከእንግዲህ በእጅ ብቻ ያሳጥቧት» አለኝ። የማጠቢያው ሠራተኞች ደግሞ ብሩሾቻቸው አዲስና ለስላሳ ስለሆኑ ቀለም ሊጭሩ እንደማይችሉ ነገሩኝ። ማንን ልመን? የተጫረውስ ሊስተካከል ይችላል?

መልስ፦ ሁለቱም የእውነቱን ግማሽ ነግረውዎታል፤ ዋናውን ጥፋተኛ ግን ሁለቱም አልጠቀሱም። ቀለም የሚጫረው በላዩ ያረፈ አሸዋና አቧራ በአንድ ነገር ተጭኖ ሲጎተት ነው። የሚጎትተው የማሽን ብሩሽም ሆነ የእጅ ስፖንጅ ወይም የማድረቂያ ጨርቅ፣ የጭረቱን ብዛትና ጥልቀት ይለውጥ ይሆናል እንጂ ምክንያቱን አይለውጥም። ስለዚህ አንድን የእጥበት ዘዴ ሲመዝኑ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባው፣ ብሩሽም ሆነ እጅ ቀለሙን ከመንካቱ በፊት ቆሻሻው ምን ያህል ታጥቦ ወርዷል የሚለውን ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከቀለሙ አሠራር እንጀምር። ከፋብሪካ የወጣ መኪና የሚቀባው አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ አይደለም። ከብረቱ ቀጥሎ ዝገት የሚከላከል ሽፋን አለ፤ በእሱ ላይ ገጹን የሚያስተካክል መካከለኛ ቀለም ይረጫል፤ ቀጥሎ ጥቁር፣ ነጭ ወይም ቀይ የምንለው መልክ ሰጪው ቀለም ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው፣ መልክ የሌለውና አንጸባራቂ የሆነው ሽፋን ይቀመጣል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ውፍረት ይኖራቸዋል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ክሊሩ ለብቻው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም ፀሐይ እንዳታፈዝዘው የሚከላከሉት ንጥረ ነገሮችም በእሱ ውስጥ ይገኛሉ። እርስዎ ያዩዋቸው ጭረቶች በዚህ ሽፋን የላይኛው ገጽ ላይ የቀሩ ናቸው፤ ጥቁሩ ቀለም ራሱ አልተነካም።

ክብ መሆናቸው በሚሽከረከረው ብሩሽ ላይ ምስክር ይሆናል መባሉን ግን አልቀበለውም። ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው። ከእነሱ መካከል ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ከብርሃኑ አቅጣጫ አንጻር አግድም የወደቁት ብቻ ስለሆኑ፣ በፀሐይዋ ነጸብራቅ ዙሪያ ክብ ሠርተው የተደረደሩ ይመስላሉ። ከቦታዎ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቢመለከቱ ክቡም አብሮዎት ይንቀሳቀሳል፤ ጭረቱ በእርግጥ ክብ ቢሆን ኖሮ በቦታው በቀረ ነበር። እንዲያውም ማሽን የሚተወው ጭረት ብዙውን ጊዜ ብሩሹ የሄደበትን አቅጣጫ ተከትሎ ረዘም ብሎና ጎን ለጎን ሆኖ ነው የሚታየው። ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ ቀለም ይህን ሁሉ አጉልቶ ያሳያል፤ በነጭና በብርማ መኪና ላይ ያው ጭረት ቢኖርም ባለቤቱ ልብ ላይለው ይችላል።

አሸዋ ለምን ይህን ያህል ይጎዳል ቢሉ፣ ዋናው ማዕድኑ ኳርትዝ፣ የማዕድናት ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት በሞስ መለኪያ 7 ላይ ስለሚገኝ ነው፤ ተራ የመስኮት መስታወት እንኳ 5.5 ገደማ ነው፣ ክሊር ደግሞ ከመስታወትም በብዙ ይለሰልሳል። የቀለም አምራቾች የክሊርን ጭረት የመቋቋም አቅም የሚለኩበት አይኤስኦ 20566 የተባለ ዓለም አቀፍ የፍተሻ ደረጃ አለ። በዚህ ፍተሻ የተቀባ ቆርቆሮ በትንሽ የማጠቢያ ማሽን ውስጥ በሚሽከረከር ብሩሽ ይታሻል፤ ከመታሸቱ በፊትና በኋላም አንጸባራቂነቱ ይለካል። በሚረጨው ውሃ ውስጥ ታስቦበት የሚጨመረው ደግሞ የደቀቀ የኳርትዝ ዱቄት ነው። ይህን ጥያቄ ለሚያነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም፤ ፍተሻውን ያዘጋጁት ሰዎች የእውነተኛውን እጥበት ጉዳት ለመድገም ከብሩሹ ጋር ቆሻሻውም እንደሚያስፈልጋቸው ያውቃሉ።

የማጠቢያው ሠራተኞች ስለ ብሩሾቻቸው የነገሩዎትም ውሸት አይደለም። ቀድሞ የተለመዱት ጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሾች ቀለምን በእርግጥ ይጎዱ ነበር። አሁን በብዙ ማጠቢያዎች የሚገኙት ቀዳዳዎቹ የተዘጉ የፎም ቅጠሎች ውሃ ስለማይመጥጡ ቆሻሻም በቀላሉ አይቀበርባቸውም፤ የጨርቅ ዘለላዎች ደግሞ ለስላሳ ቢሆኑም በደንብ ካልታጠቡ አሸዋ ይዘው ይቆያሉ። ይሁንና ለስላሳ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከእርስዎ በፊት የገባው መኪና ጭቃ የለበሰ ከነበረና ብሩሾቹ በቂ ውሃና ሻምፖ ካላገኙ፣ የእሱ ጭቃ በእርስዎ መኪና ላይ ነው የሚፈተገው።

ስለዚህ አንድ ማጠቢያ ጥሩ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከመግባትዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቆመው ሌላ መኪና ሲታጠብ ይመልከቱ። ብሩሹ ከመድረሱ በፊት መኪናው፣ በተለይም የታችኛው ክፍሉ፣ በግፊት በሚረጭ ውሃ ይታጠባል? ሻምፖው አረፋ ሠርቶ ቆሻሻውን ለማላላት ጊዜ ያገኛል ወይስ ብሩሹ ወዲያው ተከትሎት ይደርሳል? አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ብሩሾቹ ንጹሕ ውሃ ይፈስባቸዋል? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «አይታጠብም» የሆነ ማጠቢያ ብሩሹ ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን አልመክርዎትም። ቅድመ እጥበቱ በደንብ የሚሠራ ከሆነ ግን የሚደርሰው ጉዳት በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ጊዜ የሌለው ሰው ያለ ስጋት ሊጠቀምበት ይችላል። የእርስዎ መኪና ራሷ ጭቃ የለበሰች ዕለት ግን መጀመሪያ በግፊት ውሃ ያስወርዱላት።

ወደ እጅ እጥበት ስንመጣ፣ «በእጅ ብቻ» የሚለው ምክር ሙሉ የሚሆነው እጁ ምን እንደያዘ ሲነገር ነው። በአንድ ባልዲና በአንድ ስፖንጅ የሚታጠብ መኪና ኮፈኑና በሮቹ ከታጠቡ በኋላ በባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ አሸዋማ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚነካው ሁሉ ይታሻል እንጂ አይታጠብም። በሻካራ ጨርቅ ማድረቅም ሌላ ጭረት ይጨምራል። ከሁሉም የከፋው ግን ብዙ ሰው ንጽሕና የሚመስለው ነገር ነው፤ ማለትም ጠዋት ጠዋት የደረቀውን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ መሄድ። ውሃም ሻምፖም ስለሌለ አሸዋውን ከቀለሙ የሚያለያየው ምንም ነገር የለም። እርስዎም ይህ ልማድ ካለዎት፣ ለኮፈኑና ለጣሪያው ጭረት ከማሽኑ በፊት እሱን እጠረጥራለሁ።

በትክክል የሚሠራ የእጅ እጥበት ግን ማንኛውንም ባለ ብሩሽ ማሽን ይበልጣል። መኪናው ጥላ ውስጥ ቆሞ ኮፈኑ ከቀዘቀዘ በኋላ አስቀድሞ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል። ከዚያም አንዱ የመኪና ሻምፖ ሌላው ንጹሕ ውሃ የያዙ ሁለት ባልዲዎች ቀርበው፣ ከቀጫጭን ለስላሳ ክር የተሠራው የማይክሮፋይበር ጓንት ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ በንጹሑ ውሃ እየተለቀለቀ ከጣሪያው ወደ ታች ይታጠባል፤ በጣም የሚቆሽሹት የበሮቹ ግርጌና ፓራውልቱ መጨረሻ ላይ ይታጠባሉ፣ ጎማና ቸርኬ ደግሞ የራሳቸው ብሩሽ ይኖራቸዋል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ክሊሩን እንዲጠብቅ በላዩ የሚቀባውን ሰም ጠርጎ ስለሚወስድ ባይጠቀሙበት ይሻላል። ሲያደርቁም ወፍራም የማይክሮፋይበር ፎጣ ዘርግተው ውሃውን እንዲመጥ ያድርጉ እንጂ አይፈትጉት።

አንዳንድ አንባቢ ይህን ሁሉ ሰምቶ እጥበት መቀነስን ይመርጥ ይሆናል፤ ይህ የባሰ ነው። የወፍ ኩስ፣ የዛፍ ሙጫና የተጣበቁ ነፍሳት በፀሐይ ሙቀት ክሊሩን እየበሉ ፖሊሽ እንኳ የማያስለቅቀው ጠባሳ ሊተዉ ይችላሉ። የወፍ ኩስ በተለይ እስከሚቀጥለው እጥበት ሊቆይ አይገባም፤ በውሃ የራሰ ጨርቅ ላዩ ላይ ጥቂት አቆይተው ሲለሰልስ ያንሡት።

ስለተጫረው ክፍል፦ ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ ሲያሻግሩ የማይዝዎት ከሆነ በፖሊሽ ሊጠፋ ይችላል፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ግን ለፖሊሽ ጥልቅ ነው። ፖሊሽ ጭረቱን የሚያጠፋው በዙሪያው ያለውን ክሊር ጥቂት ማይክሮን በመላጨት ስለሆነ በመኪናው ዕድሜ ሊደጋገም የሚችለው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራውን የሚሰጡት ባለሙያ አስቀድሞ የቀለሙን ውፍረት በመለኪያ መሣሪያ የሚለካ ቢሆን ይመረጣል። መሣሪያው የሚያሳየው የንብርብሮቹን ድምር እንጂ የክሊሩን ብቻ ውፍረት እንዳልሆነም ይወቁ። ጭረቱን በዘይትና በሙሌት ሸፍነው ለጊዜው የሚደብቁ ቅባቶችም አሉ፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ ጭረቱ እንደነበረ ብቅ ካለ የተሠራልዎት ይህ ነው ማለት ነው።

ከፖሊሽ በኋላ ሴራሚክ ሽፋን እንዲያስቀቡ የሚገፋፋዎት አይጠፋም። ሽፋኑ ውሃና ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ እጥበትን ያቀላል፤ በማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው «9ኤች» ግን በእርሳስ የሚለካ የጥንካሬ ደረጃ እንጂ የሞስ 9 አይደለም፤ አሸዋ እሱንም ይጭራል።

ጥያቄ፦ ጭረት ፈርቼ ብሩሽ በሌለው፣ በውሃ ግፊትና በኬሚካል ብቻ በሚያጥብ ማሽን መጠቀም ጀምሬያለሁ። ነገር ግን መኪናዬ ከደረቀች በኋላ እጄን ሳሳርፍባት ስስ አቧራ ይቀርባታል። ኬሚካሉስ ቀለሙን አይበላውም?

መልስ፦ ለጭረት ካሰቡ ምርጫዎ ትክክል ነው። ብሩሽ ያልነካው ቆሻሻ በኬሚካል መላላት ስላለበት ግን እነዚህ ማሽኖች ከሌሎቹ ጠንከር ያለ ሻምፖ ይጠቀማሉ፤ አንዳንዶቹም መጀመሪያ አሲዳማ፣ ቀጥሎ አልካላይን የሆነ ፈሳሽ ይረጫሉ። ጤነኛ የሆነ የፋብሪካ ክሊር ይህን ለጥቂት ደቂቃ ይቋቋማል፤ ቶሎ የሚያልቀው በላዩ ያለው ሰም ነው፣ ስለዚህ ሰሙን ቶሎ ቶሎ ማደስ ይኖርብዎታል። ያልተቀባ አሉሚኒየምና የሚያብረቀርቁ የመስኮት ጠርዞች ግን በእንዲህ ዓይነቱ ፈሳሽ ሊደበዝዙ ይችላሉ፤ ፈሳሹ ሳይለቀለቅ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ደግሞ በቀለሙም ላይ ምልክት ይተዋል።

የሚቀረው ስስ አቧራ የዚህ ዘዴ የታወቀ ጉድለት ነው፤ በጣም የላመና ከቅባት ጋር የተጣበቀ ቆሻሻ ሳይነካ በውሃ ብቻ አይለቅም። ከማሽኑ ወጥተው በደረቅ ጨርቅ ከጠረጉት ጭረትን ለመሸሽ የደከሙበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይተዉትና አልፎ አልፎ ከላይ በተጻፈው አኳኋን በእጅ ያጥቡት። የግፊቱን ቧንቧ ራስዎ የሚይዙ ከሆነ ከቀለሙ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያርቁት፤ በጠጠር የተፈነቀለ ቀለም ካለ በተለይ ይጠንቀቁ፣ ውሃው ከተላጠው ጠርዝ ሥር ገብቶ የቀረውን ሊያነሣው ይችላልና።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ተጋጭታ የቀኝ በሯና ፓራውልቷ በጋራዥ እንደገና ተቀቡ። በማሽን ማሳጠብ የምችለው መቼ ነው?

መልስ፦ ወዲያው አይደለም። በፋብሪካ ባዶው አካል ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ስለሚጋገር ቀለሙ ጠንክሮ ነው የሚወጣው። በጋራዥ ግን ፕላስቲኩና የኤሌክትሪክ ገመዱ በቦታው ስላለ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ በአየር ብቻ የሚደርቅም አለ። ስለዚህ ቀለሙ ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ለሳምንታት መጠንከሩን ይቀጥላል። የቀለም አምራቾች መመሪያ እርስ በርሱ ይለያያል፤ ሰም ለመቀባት ከ30 እስከ 90 ቀን እንዲጠበቅ የሚያዙ አሉ፣ ስለዚህ የተቀባውን ቀለም ዓይነት ከጋራዡ ጠይቀው መመሪያውን ይከተሉ። እስከዚያው ብሩሽ ያለበትም ሆነ ጠንካራ ኬሚካል የሚረጭ ማሽን ይቅርብዎት፤ በብዙ ውሃና በለስላሳ ሻምፖ በእጅ ይታጠብ። ቀለሙ ማት፣ ማለትም የማያንጸባርቅ ከሆነ ግን ጊዜው ቢያልፍም ብሩሽ ባለው ማሽን አያሳጥቡት፤ አምራቾቹ ይከለክላሉ፣ የታሸው ቦታም ማንጸባረቅ ከጀመረ ወደ ነበረበት የሚመለሰው እንደገና በመቀባት ብቻ ነው።