ወንድሜ የሚኖረው የት ነው?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ጌትስሄድ ከተማ ነው የሚኖረው። ፖስታ ስልክለት «ታይን ኤንድ ዌር» ብለሽ ጻፊ ይለኛል። ግብር የሚከፍለው ግን ለጌትስሄድ ምክር ቤት ነው። ጎረቤቱ ያሉ አዛውንት ደግሞ «ይሄ እኮ ደርሃም ነው» ይሉታል። በዚያ ላይ ከንቲባ መረጥን አለኝ፤ ከንቲባዋ ግን የጌትስሄድ አይደሉም! ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁሉንም ይመኑ፣ ማንም አልዋሸዎትም።

ከአዛውንቱ እንጀምር። ጌትስሄድ ከታይን ወንዝ በስተ ደቡብ ስለሆነ ለዘመናት የደርሃም ካውንቲ ነበር፤ ካውንቲ ማለት እንግሊዝ የምትከፋፈልበት አካባቢ ነው። በ1974 (እንደ ፈረንጆቹ) ወንዙን ከግራም ከቀኝም ይዘው ታይን ኤንድ ዌር የሚባል አዲስ ካውንቲ ፈጠሩ። የካውንቲው ምክር ቤት ግን ዕድሜ አላገኘም። የጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር መንግሥት በ1986 ከለንደኑ ታላቅ ምክር ቤት ጋር አብሮ አፈረሰው፣ ስሙ ብቻ ቀረ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ እስካሁን በዚያ ስም ነው የሚጠሩት፤ ፖሊሱ ደግሞ ኖርዘምብሪያ ፖሊስ ነው፣ ሌላ ስም መጣብዎት!

የዕለት ተዕለቱ ጉዳይ ግን የጌትስሄድ ምክር ቤት ነው። ቆሻሻ ካልተነሳለት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ካለበት ወይም ግብሩ ላይ ስህተት ካየ እዚያ ነው የሚደውለው።

ከንቲባዋ ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ ከንቲባ ኪም መክጊነስ ናቸው፣ በሜይ 2024 ተመረጡ። የሚሠሩት ከሰባት ምክር ቤቶች ጋር ነው፤ አምስቱ የታይን ኤንድ ዌር፣ ሁለቱ ኖርዘምበርላንድና ደርሃም። ትራንስፖርትን፣ ቤት ግንባታንና የሙያ ሥልጠናን የመሳሰሉ ሰፋፊ ነገሮች ላይ ነው ሥልጣናቸው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ሰሜን ምሥራቅ የሚባለው ክልል ራሱ አሥራ ሁለት ምክር ቤቶች አሉት፣ በስተ ደቡብ ቲስ ቫሊ ያሉት አምስቱ ከ2017 ጀምሮ የራሳቸው ከንቲባ አላቸው። ስለዚህ የሰሜን ምሥራቅ ከንቲባ የሰሜን ምሥራቅ ሁሉ ከንቲባ አይደሉም።

ክልል ስንል የራሱ ምክር ቤት ያለው ይመስለናል አይደል? እዚያ የለም። በ2004 ትፈልጋላችሁ ወይ ተብለው ድምፅ ሰጡ፣ 78 በመቶው አንፈልግም አለ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ለፖስታው አይጨነቁ። የካውንቲ ስም አያስፈልገውም፤ የቤት ቁጥሩ፣ መንገዱ፣ ከተማውና ፖስት ኮዱ ይበቃል። ኮዱ በኤንኢ (NE) ከጀመረ ደግሞ ተሳሳትኩ ብለው እንዳይደነግጡ፣ ከወንዙ ማዶ ካለችው ከኒውካስል ከተማ ጋር ነው የሚጋሩት።