ህንዳዊቷ ጎረቤቴ የሰጠችኝን የቫይታሚን ዲ ዱቄት በየቀኑ ልጠጣው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እድሜዬ 48 ነው፣ ጅማ ሕርማታ መርካቶ ሱቅ አለኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እዛው ውስጥ ነኝ። የወር አበባዬ ከተቋረጠ ቆይቷል፣ ጉልበቴንና ወገቤን ያመኛል። ጎረቤቴ ህንዳዊት ናት፣ ሀገሯ ደርሳ ስትመለስ ወተት ውስጥ የሚበጠበጥ የቫይታሚን ዲ ዱቄት በትናንሽ ፓኬት አምጥታልኝ ለአጥንት ነው አለችኝ። በየቀኑ ልጠጣው ወይ? ደሞ ህንድ እንደዛ ፀሐይ እያለ እንዴት ነው ቫይታሚን ዲ የሚያንሳቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ በየቀኑ እንዳትጠጪው! መጀመሪያ ፓኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር እዪ። ህንድ ውስጥ በብዛት የሚታዘዘው 60,000 ዩኒት ነው፣ እሱ ደሞ እጥረት ላለበት ሰው በሳምንት አንዴ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ ነው። ያንቺ የቀን ፍላጎት 600 ዩኒት ነው፣ ስለዚ በቀን አንድ ፓኬት ማለት መቶ እጥፍ ነው። ትርፉ በሽንት አይወጣም፣ ስብ ውስጥ ይከማቻል፣ ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከልክ ያልፍና ማቅለሽለሽ፣ የውሃ ጥም፣ የሆድ ድርቀት ይመጣል፣ ኩላሊትም ይጎዳል።

ፀሐዩን በተመለከተ፣ ቫይታሚን ዲ የሚሰራው ፀሐይ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ነው እንጂ ሀገሩ ፀሐያማ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ህንዳውያን ሴቶች ቤት ወይ ቢሮ ነው የሚውሉት፣ ልብሳቸው ይሸፍናል፣ ጠይም ቆዳ ደሞ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል፣ እንደ ዴልሂ ያለ ከተማ ጭሱም አለ። አንቺም ሱቅ ውስጥ እየዋልሽ የጅማ ፀሐይ አይደርስሽም፣ በመስታወት የሚገባውም አይረዳም። የማለዳዋ ፀሐይ ደካማ ናት፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ክንድሽን ገልጠሽ ትንሽ ቆይ፣ እስኪያቃጥልሽ ግን አይደለም።

ከምግቡ የምወድላቸው አንድ ነገር አለ፣ ደቡብ ህንድ ካርናታካ የሚባለው ክልል ውስጥ ራጊ የሚሉትን እንደ ገንፎ ድቡልቡል አርገው ይበሉታል፣ ራጊ ማለት የኛው ዳጉሳ ነው! 100 ግራም ዱቄቱ ከ300 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም አለው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት የሚሰጥሽን ያህል ማለት ነው፣ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ደሞ ሊጡ ሲቦካ ይቀንሳል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ በቀን ወደ 1,200 ሚሊግራም ያስፈልጋል። ወተት፣ እርጎ፣ ጎመን ብዪ፣ አይብ ስታወጪ አጓቱን አትድፊው ብዙው ካልሲየም እዛ ነው ያለው። ቅቤ ለዚህ አይጠቅምም። ቡናሽን አልከለክልሽም፣ የሚያጎድለው ትንሽ ነው፣ ጠብታ ወተት ይተካዋል።

ግን ልብ በዪ፣ የአጥንት መሳሳት እስኪሰበር ድረስ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ስለዚ ያ ጉልበት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ከባድ የቫይታሚን ዲ እጥረትም ሊሆን ይችላል፣ ስትታከሚ ፓኬቶቹን ይዘሽ ሄደሽ አሳዪ። ካልሲየም ክኒን ከታዘዘልሽ ካርቦኔት የሚለውን ከምግብ ጋር ውሰጂ፣ በአንዴ ከ500 ሚሊግራም አትለፊ፣ የደም ማነስ የአይረን ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ቢያንስ 2 ሰዓት አራርቂያቸው።