አሮጌ ክሮኖግራፍ ከመግዛትህ በፊት 30 ደቂቃ ቁጭ በል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። ቢጫ ፊት ያለው የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሴይኮ 6139 ክሮኖግራፍ (ሰከንድና ደቂቃ የሚቆጥር ማስነሻና ማቆሚያ ያለው የእጅ ሰዓት) አግኝተሃል። ሻጩ «ሰርቪስ የተደረገ፣ ሁሉ ነገሩ ኦሪጅናል» ብሎሃል። ፎቶው ላይ አዲስ ይመስላል፣ ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ ነው ያልከው። እኔን ያሳሰበችኝ «አዲስ ይመስላል» ያልካት ናት። 50 ዓመት የጠጋ ሰዓት አዲስ ከመሰለ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነካክቶታል።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርህ። የመጀመሪያው ክሮኖግራፌ በእጅ የሚሞላ፣ ባለ ሁለት ክብ የስዊስ ሰዓት ነበር። ሻጩ ፊት የላይኛውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ሰከንድ ቆጣሪው ሄደ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ቆመ። የታችኛውን ስጫን ዜሮ ላይ ቀጥ አለ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ፈተናው በሙሉ 10 ሰከንድ አልፈጀም። ቤት ገብቼ አስነሳሁትና ሥራዬን ስሠራ ቆይቼ ባየው፣ የደቂቃዋ ቆጣሪ ንቅንቅ አላለችም። ሰዓት ሠሪው ከፍቶ በማጉያ አሳየኝ። ሰከንዱ አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር የደቂቃውን ጥርስ የምትገፋው ቀጭን ጣት ተሰብራ የለችም። «ከሌላ ሰዓት ካልተፈታ አይገኝም» አለኝ። ተሸውጃለሁ፣ ግን ጥፋቱ የራሴ ችኮላም ነበር።

ስለዚህ አስነሳውና 30 ደቂቃ ሙሉ ይዘኸው ተቀመጥ። 6139 ላይ ያለችው ትንሽ ክብ 30 ደቂቃ ነው የምትቆጥረው፣ ዙሯን ስትጨርስ እይ። ሰከንድ ቆጣሪው 60ን ባለፈ ቁጥር አንድ መስመር መግፋት አለባት። በመሃል ሰዓቱን አገላብጠው፤ ፊቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ በጎኑ። አንድ አቅጣጫ ላይ የሚቆም ከሆነ ማሽኑ ሰርቪስ አላየም፣ ወይም ያየው ሰርቪስ ስሙ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ዜሮ መልሰው። አሥር ጊዜ መልሰው። ሰከንድ ቆጣሪው ሁሌም አንድ ሰከንድ ያህል አልፎ ወይም ቀርቶ የሚቆም ከሆነ ሲገጠም ተዛንፏል ማለት ነው፣ ቀላል ሥራ ነው። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚያርፍ ከሆነ ግን ቆጣሪው ላልቷል ወይም ውስጡ ያለው መላሽ አልቋል። ያኔ ዋጋ ቀንስ ወይም ተወው። እየሄደ እያለ የታችኛውን ቁልፍ አትጫን።

እዚህ ላይ ሌላ ሰዓት ለሚያዩ አንድ ነገር ልጨምር። ላንደሮን 48 የሚባል የስዊስ ማሽን ያላቸው ሰዓቶች ላይ የላይኛው ቁልፍ ማስነሻ ብቻ ነው። ማቆሚያውም መመለሻውም የታችኛው ነው። ይህን ያላወቀ ገዢ ደህናውን ሰዓት «ተበላሽቷል» ብሎ ጥሎት ሲሄድ አይቻለሁ። ለእኔ ጥሩ ሆነልኝ።

ወደ አንተው ልመለስ። 6139 ለብቻው የሚዞር ሰከንድ የለውም፤ ክሮኖግራፉ ቆሞ እያለ ሰዓቱ መሥራቱን በጆሮህ ነው የምታውቀው። መሙያውን በማዞርም አይሞላም፣ እጅህ ላይ ወዝወዝ ታደርገዋለህ። ሻጩ «አዙረህ ሙላው» ካለህ ሰዓቱን አያውቀውም፣ የነገረህንም ሁሉ በዚያው ልክ ስማው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ፊቱ። ዊሊያም ፖግ የተባለው የናሳ ጠፈርተኛ በ1973 ቢጫ 6139 አድርጎ ስካይላብ ወደተባለው የጠፈር ጣቢያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሻጭ ሁሉ ቢጫውን «ፖግ» እያለ ዋጋ ይሰቅላል። ስለዚህ ቢጫ ፊት ላይ ፎርጅዱ በሽ ነው። በማጉያ ጽሑፉን እይ። የኦሪጅናሉ ፊደል ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ በድጋሚ የተቀባው ግን ጫፉ ይደፈርሳል፣ ይወፍራል። የቀኑን መስኮት ጠርዝም እይ።

ከዚያ የጀርባውን ቁጥር ከፊቱ ጋር አመሳክር። የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ አሃዝ ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛው ወሩ። 4 ብሎ 6 ካለ ሰኔ 1974 ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በአሃዝ ፋንታ የወሩ የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ፊደል ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ፊታቸው ላይ «ፕሩፍ» (ውኃ የማያስገባ) የሚል አለ፣ በኋላ «ረዚስት» (ውኃ የሚቋቋም) ሆነ። ጀርባው 1974 እያለ ፊቱ «ፕሩፍ» ካለህ ከሁለት ሰዓት የተገጣጠመ ነው። ይሄ ወንጀል አይደለም፣ ግን «ሁሉ ነገሩ ኦሪጅናል» በሚለው ዋጋ አይገዛም።

የስዊስ ለምታዩ ደግሞ፣ ፊቱ ግርጌ «ስዊስ» ከሚለው ጎን «ቲ» ፊደል ካለ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ትሪቲየም የተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ያለበት ነው። ጉልበቱ በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የ60ዎቹ ሰዓት ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ቦግ ብሎ ካደረ አዲስ ቀለም ተቀብቷል።

ቀፎው ላይ ብዙ አልቆይም። ጠርዞቹ ስል መሆን አለባቸው። ብዙ የተወለወለ ቀፎ እንዳለቀ ሳሙና ይሟሽሻል፣ የተፋቀ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ጀርባው ተከፍቶ ፎቶ እንዲልክልህም ጠይቅ። የብሎኖቹ ራስ ተቧጥጦ፣ መሙያው የሚገባበት አካባቢ ዝገት ካለ «ሰርቪስ» ያለውን ወረቀት ያሳይህ። ወረቀት ከሌለ አልተደረገም ብለህ የሰርቪሱን ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ቀንስ።

እኔ ፊቱ ኦሪጅናል ሆኖ ማሽኑ የታመመ ሰዓት በቅናሽ እገዛለሁ። ማሽኑ እንደ ፈረስ እየጋለበ ፊቱ ፎርጅድ ከሆነ ግን አልነካውም። ማሽን ይጠገናል፣ ኦሪጅናል ፊት ከየት ይመጣል?

ሻጩ ሩቅ ከሆነ ሳይቆራረጥ የተቀረጸ የ30 ደቂቃ ቪዲዮ ይላክልህ። እምቢ ካለ ቀብድም አትስጥ። ከላከልህ እዚሁ ለጥፈው፣ የጀርባው ቁጥር አብሮ ይታይ። አብረን እናየዋለን።