መልስ፦ ባልደርስ ጌት 3 በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ ግሪምን መጉዳት አልቻልኩም

ምትህ ሁሉ ዜሮ የሚያሳየው መሣሪያህ ደካማ ስለሆነ አይደለም። የብረት መቀጥቀጫውን የሚጠብቀው ግዙፍ ጠላት ግሪም፣ ሰውነቱ በላቫ (በቀለጠ ድንጋይ) ካልጋለ ምንም ነገር አይጎዳውም። ሲግል ደግሞ እውነተኛው መሣሪያህ መሀል ላይ ያለው ትልቁ መዶሻ ነው።

1. አንዱን ተዋጊ ላቫውን ከሚለቀው ቫልቭ፣ ሌላውን መዶሻውን ከሚጥለው ማንሻ አጠገብ አቁም። እነዚህ ሁለቱ ግሪምን ጨርሶ አይምቱት።

2. የተቀሩት መድረኩን ለቀው ጠርዙ ላይ ሲወጡ ቫልቩን አዙር። ግሪም ላቫው ውስጥ ሲቆም ይግላል።

3. ግሪም የሚከተለው መጨረሻ ላይ የመታውን ነው። ስለዚህ ቀስተኛህ ከመዶሻው ማዶ፣ ከግሪም ትይዩ ሆኖ ይውጋው። ወደ እሱ ሲሄድ መሀሉን ያቋርጣል።

4. ልክ መዶሻው ሥር ሲደርስ ማንሻውን ሳብ። በመካከለኛው የችግር ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምት ይበቃዋል።

ከመዶሻው አልፎ ከቆመ አትደንግጥ፤ በተቃራኒ በኩል ያለ ሌላ ተዋጊ ቢመታው ይመለሳል። በትዕግሥት ማመላለስ ነው፣ እንደ ከብት መንዳት። በእጅ መምታት ካስፈለገ ግን ሰይፉን ተውና እንደ ዱላ ያለ የሚቀጠቅጥ መሣሪያ ያዝ፤ የጋለ ግሪም በእሱ እጥፍ ይጎዳል።

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው በሁለተኛው ምት ላይ ነው። ግለቱ የሚቆየው ለጥቂት ተራ ብቻ ስለሆነ፣ ማንሻውን ከመሳብህ በፊት ግሪም ላይ ያለውን የግለት ምልክት አይተህ አረጋግጥ። ከጠፋ መጀመሪያ ቫልቩን እንደገና አዙር። መዶሻው የራስህንም ሰው ይጨፈልቃል።