መብራት ሲሄድ ጫጩቶቼን ምን ላድርጋቸው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ 25 የአንድ ቀን ጫጩቶች ገዝቼ ካርቶን ውስጥ በአምፖል አሞቃቸዋለሁ። ትናንት ሌሊት መብራት ሄደ። ሲነጋ ሦስቱ ከሌሎቹ ሥር ተጨፍልቀው ሞተው አገኘኋቸው። ከሰል ላስገባላቸው እንዴ? (ከሰበታ)

መልስ፦ አይዞሽ የኔ እህት። እኔም በመጀመሪያው ዙር ስምንት ቀብሬያለሁ። ከሰሉን ግን ተይው። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ እንኳን ጫጩት ሰውም ይገድላል።

የእኔ መላ የጭድ ሳጥን ነው። ሰፋ ባለ ሳጥን ዳር ዳሩን ጭድ ጠቅጥቂ፣ መሃሉን እንደ ጎጆ ክፍት ተይው። ማታ ጫጩቶቹን እዚያ አስገቢና ከላይ ጭድ የተሞላ ስስ ጆንያ አልብሺው። በራሳቸው ሙቀት ያድራሉ። የአየር ቀዳዳ እንዳትረሺ ብቻ!

ቀን በአምፖል ስታሞቂ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይበቃል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ቀንሺ። ቴርሞሜትር ከሌለሽ እነሱኑ እያቸው። አምፖሉ ሥር ከተከመሩ በርዷቸዋል። አፋቸውን ከፍተው ወደ ጥግ ከሸሹ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ከተኙ አንቺም ሂጂ ተኚ።

ጋዜጣ አታንጥፊላቸው፤ ያዳልጣቸውና እግራቸው ይንሻፈፋል። ሰጋቱራ ይሻላል። የውሃው ዕቃ ዝርግ ይሁን፣ ጠጠርም ጨምሪበት። የእኔዎቹ ሁለቱ በሾርባ ሳህን ሰጥመውብኛል፣ ብትስቂም አልፈርድብሽም። የፈንግል ክትባት ወስደው እንደሆነ ደግሞ የሸጠልሽን ሰው ዛሬውኑ ጠይቂ።