ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት፦ ስለ ሰብል ማሻሻያ ባዮቴክኖሎጂ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባዮቴክኖሎጂ ሲባል ልውጥ ዘር ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ልውጥ ዘር፣ ማለትም ባዕድ ዘረመል የገባበት ዘር፣ ከዘዴዎቹ አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ችግኝን በቲሹ ካልቸር ማባዛትም ሆነ በዘረመል ጠቋሚ (የሚፈለገው ዘረመል መኖሩን በሚያሳይ የዲኤንኤ ምልክት) ታግዞ ዝርያ መምረጥ ባዕድ ዘረመል አያስገባም። በቲሹ ካልቸር ባለሙያው ከድንች ቡቃያ ጫፍ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰች ቅንጣት በማይክሮስኮፕ እያየ ይቆርጥና፣ ከጀርም በጸዳ ብልቃጥ ውስጥ፣ ስኳርና ማዕድናት ባሉት የረጋ ምግብ ላይ ያሳድጋታል። ቫይረስ ወደዚያች ለጋ ጫፍ እምብዛም ስለማይደርስ ከታመመ ተክል እንኳ ጤናማ ችግኝ ሊገኝ ይችላል። ሆኖም ሁሉም ቅንጣት ንጹሕ ስለማይሆን፣ «ከቫይረስ ነጻ» የተባለ ችግኝ ሲገዙ የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በዘረመል ጠቋሚ መምረጥ ከተለመደው ማዳቀል በምን ይሻላል?

መልስ፦ በዋናነት በጊዜ። አዳቃዩ ተክሉ አድጎ ጠባዩን እስኪያሳይ ከመጠበቅ ይልቅ፣ የሚፈልገው ዘረመል መኖር አለመኖሩን ገና በችግኝነቱ ከቅጠሉ ናሙና ወስዶ ያውቃል። ስዋርና የተባለው የሕንድ ሩዝ ለሁለት ሳምንት ያህል በጎርፍ ቢዋጥም እንዲተርፍ የተደረገው፣ ሱብ1 የሚባለው የዘረመል ክፍል ከሌላ የሩዝ ዝርያ በማዳቀል ተላልፎለት ነው። የተሻሻለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበሬዎች ሲቀርብ፣ ጎርፍ በሌለበት ዓመት ከቀድሞው ስዋርና ጋር ተመሳሳይ ምርት ይሰጥ ነበር፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ዲቃላ ዘር በየዓመቱ የሚገዛው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከምርቱ ተመልሶ ቢዘራ ጠባዩ ስለሚበታተንና ምርቱም ስለሚቀንስ ነው። ይህ የተፈጥሮ ውርስ ሕግ እንጂ የተጨመረ ዘረመል ውጤት አይደለም።

ጥያቄ፦ ክሪስፐር የሚባለውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ የተክሉን የራሱን ዘረመል በታለመው ቦታ ቆርጦ ማስተካከያ መሣሪያ ነው፤ ኢማኑኤል ሻርፓንቲዬና ጄኒፈር ዳውድና በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በዚህ መንገድ የተገኘን ሰብል አንዳንድ አገሮች ከልውጥ ዘር ሲመድቡት ሌሎች አይመድቡትም፤ ስለዚህ የሚሸጡበትን አገር ሕግ ሳያዩ ውል አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ በቤተ ሙከራ የተሳካ ዝርያ ትርፍ ማምጣቱ አይቀርም?

መልስ፦ ሊቀር ይችላል። ፍሌቨር ሴቨር የተባለው ልውጥ ቲማቲም እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ ቶሎ አይበሰብስም ነበር፤ ነገር ግን የማምረቻና የማጓጓዣ ወጪው ከፍተኛ ስለነበረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገበያ ወጣ። አዲስ ዝርያ ሲቀርብልዎ፣ ባሕርይው የገባበት እናት ዝርያ የትኛው እንደሆነና በስንት የምርት ወቅት፣ በምን ዓይነት ማሳዎች ላይ እንደተፈተነ ይጠይቁ።