«እግሬን ጉንዳን ይወረኛል»፦ ስለ መደንዘዝና ስለ ጡንቻ መርገብገብ የመጡልኝ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ባለፈው እሁድ የእድራችን ስብሰባ ሲያልቅ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ማታ ማታ እግሬን ጉንዳን ይወረኛል» አሉኝ። አጠገባቸው የነበረው ልጅ «እኔን ደግሞ ባቴ ይዘላል» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን! ሰዓቱ ስላልበቃ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ተለያየን። እነሆ መልሱ። የማንንም ስም አልጠራም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። መርገብገብ ማለት ጡንቻው ሳታዙት ብቻውን ሲንቀሳቀስ ነው፤ በዓይን ይታያል። መደንዘዝ፣ መውረርና መንዘር ግን ስሜት ናቸው፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም አያያቸውም። ምክንያታቸውም ብዙ ጊዜ ይለያያል። ለሁሉም ግን የምጠይቀው ያው ነው፦ የት ቦታ? መቼ ጀመረ? ጉልበት አብሮ ደክሟል ወይ?

የግራ ዓይኔ ቆብ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይርገበገባል። እናቴ «እንግዳ ሊመጣ ነው» ትላለች። (ተማሪ፣ ማራኪ)

ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ የቆየ እንግዳማ ከየት አገር ነው የሚመጣው? ፈተና ደርሶብሃል መሰለኝ። እንቅልፍ ማጣት፣ ቡና ማብዛት፣ ስልክ ላይ ማፍጠጥ፣ ጭንቀት፤ ዋናዎቹ ምክንያቶች እነዚህ ናቸው። አቦሉን ጠጣ፣ ቶናና በረካውን ለሌላ ሰው ተው። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ዓይንህ በግድ የሚጨፈን ከሆነ ወይም ወደ ጉንጭህና ወደ አፍህ ከወረደ ግን መታየት አለብህ።

ባቴ ላይ ጡንቻው ውስጥ ለውስጥ ይዘላል። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ቀስ በቀስ ሽባ የሚያደርግ የነርቭ በሽታ ምልክት ነው ይላል። እንቅልፍ አጣሁ። (የ29 ዓመት ወንድ)

እንቅልፍ ማጣቱ ራሱ ጡንቻውን ያባብሰዋል፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚዞረው። ሰው ይፈራል፣ ጡንቻው ይዘላል፣ ሲዘል የበለጠ ይፈራል። ቀኑን ሙሉ ባቱን ሲጠብቅ የሚውል ሰው አይቻለሁ።

ያነበብከው በሽታ አለ፤ ግን በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው። ዋናው ምልክቱም መዝለሉ አይደለም፤ ድካምና መክሳት ነው። ቁልፍ ማዞር ያቅታል፣ እግር መሬት እየጎተተ ያደናቅፋል፣ የእጅ ጡንቻ ይጎደጉዳል፣ ንግግር ይኮላተፋል። እስኪ ቤትህ ውስጥ በተረከዝህ ብቻ፣ ከዚያ በጣቶችህ ብቻ ተራመድ። ሁለቱንም ያለ ችግር ከቻልክ ጥሩ ምልክት ነው። ስፖርት፣ ላብ፣ ቡና፣ ጫት፣ ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት፣ የአስም መንፊያ፤ ከእነዚህ ውስጥ አንተን የሚነካ ካለ እሱን አስተካክል። ጉልበትህ ሲቀንስ ካየህ ግን አትጠብቅ፣ ና።

ሁለቱም እግሬ ከጣቶቼ ጀምሮ ይደነዝዛል፤ ማታ ያቃጥለኛል። ብርድ ነው ይሉኛል። (የእድሩ እናት)

እናቴ፣ አገራችን ደጋ ስለሆነ ሁሉንም ነገር በብርድ ማሳበብ ለምደናል። ብርድ ግን ሁለቱን እግር እኩል፣ ከጣት ጀምሮ፣ ለወራት አያደነዝዝም። እንዲህ ካልሲ እንደለበሰ ሰው ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ድንዛዜ ሳይ መጀመሪያ የማስበው ስኳር ነው። ስኳር ረጅሞቹን ነርቮች ቀድሞ ይጎዳል፤ ረጅሞቹ ደግሞ የእግር ናቸው። ብዙ ሰው ስኳር እንዳለበት የሚያውቀው እግሩ ከደነዘዘ በኋላ ነው። በባዶ ሆድ ይለኩ። 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚም ሲለካ ያው ከሆነ ስኳር ነው።

ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው፤ ሽሮና ጎመን ውስጥ የለም። «ታዲያ ጾም ነው ያመመኝ?» እንዳይሉ። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ ያህል ያስቀምጣል፤ የ55 ቀን ሁዳዴ ብቻውን አይጨርሰውም። ችግሩ በፍስኩም ጊዜ እንቁላልና ወተት ለልጆች እየተባለ ለእናት ሳይደርስ ዓመታት ሲያልፉ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ሰውነት ቢ12ን ከምግብ በደንብ አይወስድም። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም ያንሰዋል። ጾሙን በተመለከተ ከነፍስ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ክኒኑም መርፌውም አለ።

እስከዚያ ድረስ እግርዎን ከሰል ላይ አያሙቁ። የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይነግርዎትም። ጫማ ከማድረግዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳስሱ። ማታ ማታ የውስጥ እግርዎን ልጅዎ ይይልዎ። አንዲት ጠጠር ያመጣችውን ቁስል ለወራት ያከምኩበት ጊዜ አለ።

ለምን ዝም ብለን የነርቭ መርፌ አንወጋም? ኒውሮቢዮን ለሁሉም ነው ይባላል።

አይደለም። ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ነው ያለበት። ለጎደለው ሰው መድኃኒት ነው፤ ላልጎደለው ገንዘብ ማባከን። የሚያስገርመው ደግሞ ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ እሱ ራሱ እግር ያደነዝዛል። በተቃራኒው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይሶኒያዚድ የሚባለው ቢ6ን ስለሚያሳንስበት ተጨማሪ ያስፈልገዋል። ሌላው፣ መርፌ ቂጥ ላይ ቦታው ተስቶ ከተወጋ ትልቁን የእግር ነርቭ ይጎዳል። ለመደንዘዝ ተብሎ የተወጋ መርፌ እግር ሲያሰናክል ያሳዝናል።

ማኅሌት ቆሜ ሳድር ቀኝ እጄ ይደነዝዛል፤ ጠዋት አንጓዬን ማንሳት ያቅተኛል። (የአቋቋም መምህር)

የኔታ፣ አንቱ መቋሚያውን ብብትዎ ሥር አድርገው ነው የሚደገፉት? ከሆነ ምክንያቱ እሱ ይመስለኛል። በብብት በኩል የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ አንጓንና ጣትን ወደ ላይ የሚያነሳው እሱ ነው። የሰውነት ክብደት ለሰዓታት ሲጫነው ይዝላል። በክራንች የሚሄዱ ሰዎችንም እንዲሁ ያደርጋል። ክብደቱን እጅዎ ላይ ያድርጉት፣ ጎን ይቀያይሩ። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። አንጓው ወድቆ ከቀረ ይምጡ፣ ድጋፍ እናስርልዎታለን። ድንገት የመጣ ከሆነና አፍዎ ወይም እግርዎም ከተነካ ግን ጉዳዩ የመቋሚያ ስላልሆነ ሰዓት አያሳልፉ።

እግረ መንገዴን፦ ጤፍ ሲያርም ቁጢጥ ብሎ የሚውል ገበሬም ከጉልበቱ በስተውጭ ያለው ነርቭ ተጭኖበት የእግሩን ጫፍ ማንሳት ሊያቅተው ይችላል። ቶሎ ቶሎ መነሳት ነው።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሌሊት አውራ ጣቴና ሁለቱ ጣቶቼ ደንዝዘው ይቀሰቅሱኛል፤ ሳራግፋቸው ይሻለኛል። (አዘዞ)

ማራገፍሽ ነገሩን ነገረኝ። አንጓ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በእርግዝና ጊዜ ውኃ ሲቋጥር በዚያ የሚያልፈው ነርቭ ይጨመቃል። ሊጥ የምታቦካ፣ እንዝርት የምታሾር፣ የምትሸምን ሴትም ያገኛታል። ሌሊት አንጓሽ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲያድር በድጋፍ እሰሪው። ከወለድሽ በኋላ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ፊትና እጅሽ ካበጠ ወይም ራስሽን በኃይል ካመመሽ ግን ግፊትሽን ዛሬውኑ ተለኪ።

መተማ ሰሊጥ ላይ መድኃኒት ስንረጭ ጓደኛዬ ላብ አጠመቀው፣ ለሃጩ ወረደ፣ ጡንቻው ሁሉ ይርገበገብ ጀመር። ሙቀት ነው ብለን ጥላ ሥር አስተኛነው።

ሙቀት አይደለም! የፀረ ተባይ መመረዝ ነው የሚመስለው። የዓይኑ ብሌን እንደ ነጥብ ጠብቦ ቢሆን ደግሞ አልጠራጠርም። ልብሱን ማውለቅ፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውኃ ማጠብ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ። የምታጥቡት ሰዎችም እጃችሁን ሸፍኑ። ወተት እያጠጣችሁ ጊዜ አትግደሉ።

ከወር በፊት ውሻ ነክሶኝ ነበር። ቁስሉ ድኗል፤ አሁን ግን ቦታውን ይወረኛል።

ይህን እንዳነበብክ ተነስ። ቁስል ሲድን ነርቩ ሊያሳክክና ሊወር ይችላል። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታም ሲጀምር እንዲሁ የተነከሰውን ቦታ ይወራል። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚያድን ሕክምና የለም፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። ካልተከተብክ ዛሬውኑ ሂድ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ውሻ በነከሳችሁ ሰዓት ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ሳትሉ ወደ ክትባት።

ጓያ እግር ይይዛል የሚባለው እውነት ነው? (ደምቢያ)

እውነት ነው። የአባቶቻችሁን ጨዋታ እንደ ተረት አትዩት። ሌላው እህል ሲጠፋ ወራት ሙሉ ጓያ ብቻ ሲበላ መርዙ የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለውን ነርቭ ይጎዳል። በባት መሸማቀቅና በእግር መክበድ ይጀምራል፤ ከዚያ እግር ይገትራል፣ አካሄዱ ይቆላለፋል። የተጎዳው አይመለስም። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ከሌላ እህል ጋር አሳንሶ መቀላቀሉ ይሻላል።

ክንዴ ላይ ነጣ ያለች ቦታ አለች፤ መርፌ ብወጋት አይሰማኝም።

አትውጋት! ለሥጋ ደዌ ተመርመር። መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ ይድናል። ቶሎ ከተጀመረ ጣትም አይጎዳም።

ጠዋት ስነሳ እግሬ ይወረኝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ጉልበቴ ደረሰ፤ አሁን ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ተቅማጥ ነበረኝ።

ለዚህኛው ስልክ ደውዬ ሆስፒታል ልኬዋለሁ። ከእግር ተነስቶ በሰዓታትና በቀናት ወደ ላይ የሚወጣ ድካም መተንፈሻ ላይ ሊደርስ ይችላል።

እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ከገደል የወደቅሁ ያህል እግሬ ይዘላል። ምን ይሻለኛል?

ምንም። ጤነኛ ሰው ላይ የሚታይ ነው። ቡናውን ከምሽት ወደ ጠዋት አዙረው። ባለቤትህን ግን ከግድግዳው በኩል አስተኛት፤ ባለፈው ሳምንት ጭኔን አሞኛል ብላ የመጣችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።